ያልተገራውን የፂም ብሩሽ መግራት፦ ለርካሽ የአሳማ ፀጉር ብሩሽ ዝርዝር መመሪያ

ወይፈን በገዛችሁት ማግስት ቀንበር ጭናችሁ ቀጥ ያለ ትልም አትጠብቁም። የአሳማ ፀጉር የፂም ብሩሽም፣ ከመላጨት በፊት የሳሙና አረፋ ፂም ላይ የምንቀባበት ማለቴ ነው፣ እንደዚያው ነው። የመጀመሪያ ቀን ፊት ይወጋል። ይሸታል። የሠራችሁትን አረፋ ውጦ ባዶ ያስቀራችኋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ርካሽ ዕቃ!» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። እኔ እንዲህ የተጣሉ ሁለት ብሩሾችን ከጓደኞቼ ቤት አንስቼ ገርቻለሁ። ሁለቱም ዛሬ በደንብ ይሠራሉ። ብሩሾቹ ላይ አንድም እንከን አልነበረም። ያጡት አንድ ወር ተኩል ብቻ ነበር።

ባህር ዳር ውስጥ በብሩሽና በሳሙና የሚላጭ የእኔ እኩያ ብዙ አላይም። አብዛኛው ፀጉር ቤት ይሄዳል፣ ወይ በማሽን ይከረክማል፣ ወይ ፊቱን በገላ ሳሙና አሸት አሸት አድርጎ በሚጣል ምላጭ ይጨርሳል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንገቴ ላይ የሚወጣው ሽፍታ ግን አላስቀምጥ አለኝ። ፂማችን ጥቅልል ነው። ሲላጭ ጫፉ ይሾላል፣ ከዚያ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፣ ያብጣል፣ ያሳክካል። ብሩሽ ይህን ያድናል አልልም። ግን ፂሙን ከቆዳው ላይ ያነሳዋል፣ ውሃና አረፋ ሥሩ ድረስ ያደርሳል፣ ምላጩም ሳይጎትት ያልፋል። ለእኔ ሽፍታው በጣም ቀንሶልኛል። ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ወስጄ የምጽፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚወጋ እንወቅ

የአሳማ ፀጉር ወፍራምና ጠንካራ ነው። ውድ ብሩሾች የሚሠሩበት የባጀር (ባጀር የዱር እንስሳ ነው) ፀጉር ቀጭን ነው፣ ውሃውንም በፀጉሮቹ መሃል ይዞ ያቆያል። የአሳማው ግን ውሃውን ራሱ ይጠጣል። ሲጠጣ ይለሰልሳል። ሳይጠጣ ከተጠቀማችሁበት ግን እንደ ጫማ ብሩሽ ነው። ፊታችን ላይ የሚወጋን ያልጠገበ ፀጉር ነው።

ሁለተኛው ነገር ጫፉ ነው። በየቀኑ ሲርስ፣ ሲታሽ፣ ሲደርቅ የእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ለሁለት ለሦስት ይሰነጠቃል። የልብስ ክር ጫፉ ሲተረተር እንደሚሆነው ማለት ነው። ወገቡ እንደጠነከረ ይቀራል፣ ጫፉ ግን ይለሰልሳል። ጥሩ የአሳማ ብሩሽ የሚባለው ይህ ነው፦ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ፊትን ሲነካ ግን የማይወጋ። ይህን በፋብሪካ ውስጥ ማንም ሠርቶ አይሰጣችሁም። በእጃችሁ ነው የሚሠራው። በመቀስ ጫፉን ማስተካከል ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። የተቆረጠ ጫፍ እንደገና እንደ መርፌ ነው።

ስትገዙ

የፀጉር ቤት ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ። ካልተገኘ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው አይጠፋም። ከውጭ የሚመጣላችሁ ዘመድ ካለ የጣሊያኑ ኦሜጋና የፖርቹጋሉ ሴሞግ በአሳማ ፀጉር ብሩሽ የታወቁ ናቸው፣ ዋጋቸውም ከባጀሩ ጋር አይወዳደርም። ስሙን የማታውቁት የቻይና ብሩሽም ቢሆን ይሠራል። ደግሞም የዓለም አብዛኛው የአሳማ ፀጉር የሚመጣው ከዚያው ከቻይና ነው።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ነገር እዩ። ፀጉሩን በጣቶቻችሁ ቆንጠር አድርጋችሁ ሳብ አድርጉት። አንድ ሁለት ቢወጣ ችግር የለም፣ ቁንጥር ሙሉ ከወጣ መልሱት። ከዚያ እጀታውና ፀጉሩ የተገናኙበትን ቦታ ተመልከቱ። ኮላው ዙሪያውን ሙሉ መሆን አለበት፣ ክፍተት ካለ ውሃ ይገባበታል። መጨረሻ ላይ ፀጉሩን መዳፋችሁ ላይ ጫን አድርጉት። ተዘርግቶ ተመልሶ ከቆመ ጥሩ ነው። የፀጉሩ ቁመት ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ለጀማሪ ይመቻል። ከዚያ ያጠረው ለመግራት ልብ ያደርቃል።

ቀለሙ አያታላችሁ። የአሳማ ፀጉር አንዳንዴ ባጀር እንዲመስል መሃሉ ላይ ጥቁር መስመር ይቀባል። «የአሳማ ነው» ተብሎ ፕላስቲክ የሚሸጥበትም ጊዜ አለ። ቤት ስትደርሱ የረገፈ አንድ ፀጉር በክብሪት ለኩሱ። የእውነት ፀጉር ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ በጣት ሲነካ እንደ አመድ ይፈረፈራል። ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ትንሽ ጠጣር ጉብታ ይሠራል። ፕላስቲክ መሆኑ በራሱ ክፉ አይደለም፣ ግን መግራት አያስፈልገውም። ይህ መመሪያም ለእሱ አይሆንም።

ስለ አሳማነቱ

ይህን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በእኛ አገር በብዙው ክርስቲያንም በሙስሊሙም ቤት አሳማ አይገባም። እናቴ ብሩሹን ከምን እንደተሠራ ስትሰማ «ልጄ፣ ይሄንን ነው ፊትህ ላይ የምታዞረው?» ብላ ለብዙ ቀን በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ስታልፍ ፊቷን አዙራ ነበር። አልተከራከርኳትም። ብሩሹን፣ ሳህኑንና ሳሙናውን ለብቻቸው አደረግኩ፤ የወጥ ቤት ዕቃ ፈጽሞ አይነካቸውም። እናንተም እንዲህ አድርጉ። አረፋ መምቻ ሳህን ከወጥ ቤት አታንሱ፣ የራሱን ግዙለት።

ኅሊናችሁ ካልፈቀደ ወይም ጥርጣሬ ካላችሁ የነፍስ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን ጠይቁ። ሌላ አማራጭም አለ። የሰው ሠራሽ ክር ብሩሽ አለ፣ የፈረስ ፀጉር ብሩሽም አለ። የፈረስ ፀጉር ለእኛ እንግዳ አይደለም፣ ዝንብ የምናባርርበት ጭራ ከዚያው ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከገጠር ያልታከመ የእንስሳ ፀጉር አምጥታችሁ በራሳችሁ እጅ ብሩሽ አትሥሩ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን በደንብ ባልጸዳ የፈረስ ፀጉር የተሠሩ የፂም ብሩሾች ለወታደሮች አባ ሰንጋ አስይዘዋል፣ የሞቱም አሉ። ምላጭ ፊት ላይ ትንንሽ ቁስል ይከፍታል፣ ብሩሹ ደግሞ እዚያው ላይ ያሻል። የአባ ሰንጋ ዘር በፀጉርና በቆዳ ላይ ለረጅም ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። አባ ሰንጋ በእኛም አገር ያለ በሽታ ነው። በፋብሪካ የታከመውን ግዙ።

እርምጃ አንድ፦ ሽታውን ማስለቀቅ

አዲስ ብሩሽ በረት ይሸታል። አትደንግጡ። ለብ ባለ ውሃ አርሱት፣ ትንሽ ሻምፑ መዳፋችሁ ላይ አድርጉ፣ ብሩሹን እያዞራችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ አሹት። እጠቡት። ድገሙት።

ከዚያ ማታ አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አዘጋጁና ፀጉሩን ብቻ ዘፍዝፉ። ፀጉሩን ብቻ! ውሃው ከኮላው በታች መሆን አለበት። ብሩሹ ብርጭቆው ውስጥ በራሱ ካልቆመ ሁለት የልብስ መቆንጠጫ እጀታው ላይ ግራና ቀኝ ብታስሩለት የብርጭቆው ከንፈር ላይ ይንጠለጠላል። ጠዋት አውጡት፣ አራግፉት፣ አድርቁት። ይህን ሌሊት ሙሉ የመዘፍዘፍ ሥራ ሁለት ሌሊት አድርጉና አቁሙ። መካከሉ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ከዚያ በላይ ሌሊት ሙሉ መዘፍዘፍ ኮላውን ይጎዳል እንጂ አያፈጥነውም።

ሽታው በአብዛኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ውሃ ሲነካው ብቻ ትንሽ ትንሽ የሚሸት ከሆነ ታገሡት። ሽቶ አትርጩበት፣ በረኪና አታስነኩት።

ስለ ሙቅ ውሃ ደግሞ ልናገር፣ ምክንያቱም የመጀመሪያ ብሩሼን ያበላሸሁት በዚህ ነው። «ቶሎ ይለሰልሳል» ብሎ አንድ ሱቅ ነጋዴ መከረኝ። ከማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ ገለበጥኩበት። ባህር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መቶ አይሞላም፣ ግን ለፀጉር ይበቃዋል። ፀጉሩ ተጣመመ፣ ደረቀ፣ መሰባበር ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት የፀጉሩ እስር ከእጀታው ተላቆ እጄ ላይ ቀረ። ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ ይበቃል። ክንዳችሁ ላይ ስታፈሱት የማያቃጥል ማለቴ ነው።

እርምጃ ሁለት፦ ሳይላጩ መግራት

ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህን ነው። ፂም በየቀኑ አይላጭም። በሳምንት ሁለቴ ብቻ የምትላጩ ከሆነ ብሩሹ ለመገራት ወራት ይፈጅበታል። ስለዚህ በማትላጩባቸው ቀናት ዝም ብላችሁ አረፋ ምቱ።

ማታ ፊታችሁን ስትታጠቡ አብራችሁ ሥሩት። ብሩሹን አምስት ደቂቃ ዘፍዝፉ። አራግፉ። ሳሙና ላይ አዙሩት። ከዚያ ግራ መዳፋችሁ ላይ ክብ እየሠራችሁ፣ ከዚያም ወዲያና ወዲህ እንደ ቀለም ቀቢ እያመላለሳችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ምቱት። ጫን አታድርጉት። ጫፉ ነው መሥራት ያለበት። መሃሉን እየደፈቃችሁ የምታሹት ከሆነ ፀጉሩ ወደ ጎን እየተከፈለ መሃሉ ባዶ ይሆናል፣ ከዚያም ከሥሩ መሰበር ይጀምራል።

በደንብ አጥባችሁ አድርቁት። ነገ እንደገና። አሥር ቀን እንዲህ ከሠራችሁ ሌላው ሰው በአንድ ወር የሚደርስበት ቦታ ትደርሳላችሁ።

መጀመሪያ ሰሞን አረፋው መዳፋችሁ ላይ ወፍሮ ቆይቶ ድንገት ይጠፋል። ብሩሹ በልቶት ነው። ያልጠገበው ፀጉር ከአረፋው ውስጥ ውሃውን ይስባል፣ አረፋውም ይሞታል። መድኃኒቱ ሁለት ነው፦ ረዘም አድርጎ መዘፍዘፍና ሳሙና አብዝቶ ማስያዝ። ብሩሹን አትውቀሱት።

እርምጃ ሦስት፦ የጠዋቱ ሥራ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የእኔ ሥራ እንዲህ ነው። ቧንቧው ውሃ ካለው እሰየው፣ ከሌለው ከጀሪካን አንድ ሊትር ያህል እቀዳለሁ። ለጠቅላላው ሥራ ይበቃኛል። ከዚያ ላይ ጥቂት አሙቄ አንድ ኩባያ ለብ ያለ ውሃ አዘጋጃለሁ። መጀመሪያ ብሩሹን ኩባያው ውስጥ አቆማለሁ። ከዚያ ፊቴን እታጠባለሁ፣ ጥርሴን እፋቃለሁ። ይህ ሁሉ ሲያልቅ አምስት ደቂቃ ሞልቷል። ብሩሹ ከተገራ በኋላ ሁለት ደቂቃም ይበቃዋል።

አውጡትና ሁለት ሦስት ጊዜ በእጃችሁ ወደ ታች አራግፉት። መንጠባጠቡ ማቆም አለበት፣ ግን እርጥብ ሆኖ ይቆይ። በኩባያው ውስጥ የቀረውን ውሃ አትድፉት፣ ይፈለጋል።

ሳሙናው ላይ አዙሩት። ለአዲስ ብሩሽ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ፣ ለተገራው 20 ሰከንድ። ጥሩ ሲይዝ ፀጉሮቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ወፍራም ነጭ ለጥፍ ይሸፍናቸዋል። አረፋ ሳይሆን ለጥፍ ነው የምትፈልጉት። አረፋው ፊት ላይ ነው የሚሠራው።

ስለ ሳሙናው አንድ ቃል። የገላ ሳሙና በችኮላ ጊዜ ያገለግላል፣ ግን አረፋው ቶሎ ይረግፋል። የሚሠራው በሶዲየም ስለሆነ ነው። የፂም ሳሙና ውስጥ ፖታሲየምና ብዙ ስቴሪክ አሲድ የሚባል የስብ አሲድ ይገባል፣ ለዚህ አረፋው ወፍራምና የሚቆይ ይሆናል። በቱቦ የሚሸጠው የፂም ክሬምም በብሩሽ ግሩም ይሠራል። የአልሞንድ ፍሬ የምታክል ብሩሹ ጫፍ ላይ አድርጉ፣ በቃ። የልብስ ሳሙና ግን በፍጹም። ለቆዳም ለፀጉሩም ጠላት ነው።

አሁን ፊት ላይ። ከጉንጭ ጀምሩ። ክብ ክብ እየሠራችሁ ፂሙ ላይ አዙሩት። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የብሩሹን ጫፍ ብቻ ኩባያው ውስጥ ነከር አድርጉና ቀጥሉ። ትንሽ ሠርታችሁ እንደገና ነከር። ውሃ በጠብታ ነው የሚጨመረው። መጀመሪያ ላይ አረፋው ደረቅና ደብዛዛ ነው። ውሃ ሲገባው ማብረቅረቅ ይጀምራል። የምትፈልጉት ሰዓት ያ ነው። ጥሩ አረፋ የቤት እርጎ ይመስላል፣ ወይም ጎበዝ ልጅ የሠራው የማኪያቶ አረፋ። ትልልቅ ዓይን ያለው፣ እንደ ጠላ አረፋ ጠፊ ከሆነ ውሃው በዝቷል፤ ሳሙና ጨምሩ። ፊት ላይ የሚደርቅ ከሆነ ውሃ ጎድሎታል።

ጨርሳችሁ ከመላጨታችሁ በፊት ብሩሹን ወዲያና ወዲህ እያመላለሳችሁ አረፋውን አስተካክሉት። ምላጩን ፂሙ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ሂዱበት። አንገት ላይ ፂሙ በብዙዎቻችን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ይተኛል፤ በጣታችሁ ዳስሳችሁ እወቁት። ቆዳችሁን አትወጥሩ፣ ምላጩን አትጫኑ። ሽፍታ ለሚያስቸግረው ሰው አንድ ዙር ይበቃል። ሁለተኛ ዙር ከፈለጋችሁ እንደገና አረፋ ቀቡ፣ ብሩሹ ውስጥ የቀረው ይበቃችኋል።

ምላጭም ብሩሽም አይዋስም። ወንድም ለወንድም ቢሆንም። በደም የሚተላለፍ በሽታ ዝምድና አያውቅም።

እርምጃ አራት፦ ማድረቅ

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ብሩሽ የሚሞተው በመላጨት አይደለም፣ ባለመድረቅ ነው።

ይህን የተረዳሁት ከአጎቴ ነው። አጎቴ ጣና ዳር፣ ዘጌ ነው የሚኖረው። አንድ ጊዜ እሱ ጋ ሄጄ፣ ስላጭ አይቶ ብሩሹን በእርጥቡ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ስጨምረው ያዘኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ።

«ልይዘው ነዋ አጎቴ፣ ነገ እመለሳለሁ።»

ወደ ሐይቁ ዳር በእጁ አመለከተኝ። ሁለት የደንገል ታንኳዎች ከውሃ ወጥተው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። «እነዚያን አየህ? ደንገል ውሃ ይጠጣል። ሲውል ይከብዳል። ማታ አውጥተህ ካላደረቅከው ይበሰብስብሃል። ያንተም ዕቃ ውሃ ይጠጣል አላልከኝም?» አለ። ብሩሹን ከከረጢቱ አወጣሁት።

እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ ብሩሹን በንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ እጠቡት፣ እጠቡት። ውጭ ውጭውን ብቻ ካጠባችሁ ሳሙናው ሥሩ ላይ ይቀራል፣ ይደርቃል፣ ፀጉሩን ያጠነክራል። ስለዚህ ኩባያ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሞልታችሁ ብሩሹን ከላይ ወደ ታች እያነቃነቃችሁ ውሃውን ቀያይሩ። ሦስት ውሃ ይበቃዋል። በጣታችሁ ሥሩን ጨመቅ ስታደርጉት የሚወጣው ውሃ ጥርት ካለ አልቋል። ጣና ዳር ላይ ብትሆኑም በሐይቁ ውሃ አትጠቡት፣ እናንተም ፊታችሁን አትታጠቡበት። ሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ አለ።

ከዚያ ጨምቁት። አትጠምዝዙት። እንደ ልብስ መጠምዘዝ ፀጉሩን ከኮላው ይነቅለዋል። በመዳፋችሁ ዙሪያውን ይዛችሁ ከሥር ወደ ጫፍ ጨመቅ። ቀጥሎ አራግፉት፣ አምስት ስድስት ጊዜ፣ ጠንከር አድርጋችሁ። መጨረሻ ላይ ደረቅ ፎጣ ላይ ወዲያና ወዲህ ቀለል አድርጋችሁ አመላልሱት።

ቁሞ ይድረቅ ወይስ ተሰቅሎ? ብዙ ሰው ይከራከርበታል። እኔ ሁለቱንም ሞክሬ በጊዜው ላይ የሚታይ ልዩነት አላገኘሁም። በደንብ ከተራገፈ በቂጡ ቢቆምም ይደርቃል። የእንጨት እጀታ ላለው ግን ፀጉሩን ወደ ታች አድርጎ መስቀሉን እመርጣለሁ። የቀረችው ውሃ ወደ እንጨቱ አትወርድም። ሽቦ ጠምዝዛችሁ መስቀያ መሥራት ቀላል ነው። ዋናው ነፋስ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ በር ዘግታችሁ አትተዉት። መስኮት ላይ አስቀምጡት፣ ጥላ ሥር። የቀትር ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፣ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት ጠዋት የታጠበ ብሩሽ በማግስቱ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ክረምት ግን ሌላ ነው። የባህር ዳር ዓመታዊ ዝናብ ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ሐምሌ ላይ ፎጣ እንኳ በቀን አይደርቅም። ያን ጊዜ ሥሩ ላይ ሻጋታ ይይዛል። እኔ በክረምት ሁለት ብሩሽ እያፈራረቅሁ ነው የምጠቀመው። አንዱ ሲሠራ አንዱ ይደርቃል። ሁለት ርካሽ ብሩሽ ከአንድ ውድ ብሩሽ ይሻላል ብዬ የማምነውም ለዚህ ነው። አንድ ብቻ ካላችሁ በየሁለት ቀኑ ተላጩ። ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ ፀጉሩን በጣት ከፍላችሁ ሥሩን ከንፈራችሁ ላይ አስነኩት። ከንፈር ቅዝቃዜን ከጣት በላይ ይለያል። ከቀዘቀዛችሁ አልደረቀም።

ጉዞ ስትሄዱ በደረቅ ጨርቅ ወይም በወረቀት ጠቅልሉት፣ ስትደርሱ ወዲያው አውጡት። ፕላስቲክ ውስጥ አይታሸግም።

ለውጡ መቼ ይታያል?

የመጀመሪያው ሳምንት ወጊ ነው፣ ፀጉርም ይረግፋል። ሁለተኛው ላይ ሽታው ይጠፋል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ብሩሹ እርጥብ ሲሆን ሰፋ ይላል፣ ጫፉም ይፈታል። እኔ ጫፉን የማየው እንዲህ ነው፦ ደረቅ ብሩሽ ይዤ ጠዋት ከሐይቁ በኩል የሚገባው ብርሃን ፊት እይዘዋለሁ፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ አደርጋለሁ። መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ ፀጉር አንድ ሹል ጫፍ ነበረው። በ20ኛው አረፋ ገደማ ግን ጫፎቹ ላይ ቀጭን ጭጋግ የመሰለ ነገር አየሁ። ጠጋ ብዬ ሳየው ጫፎቹ ተሰንጥቀዋል፣ አንዱ ፀጉር ሦስት ሆኗል። ያን ቀን ፊቴ ላይ ሳዞረው ምንም አልወጋኝም። በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ በኋላም መለስለሱ ይቀጥላል። ጥሩ የሚባለው ከ30 እስከ 40 ጊዜ በኋላ ነው። በየቀኑ ካልተላጫችሁ የማታውን ልምምድ አትርሱ።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

በተላጫችሁ ቁጥር ሁለት ሦስት ፀጉር መርገፉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው፤ ሲሠራ ሳይያዝ የቀረ ፀጉር ነው። ከአንድ ወር በኋላም ካልቆመ ወይም በአንዴ እፍኝ ከወጣ ኮላው ለቋል፣ አይድንም።

የተገራው ብሩሽ እንደገና ከጠነከረ በአብዛኛው የሳሙና ክምችት ነው። አንድ እጅ ነጭ ኮምጣጤ ከአሥር እጅ ለብ ያለ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፣ ፀጉሩን ብቻ አምስት ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ በሻምፑ እጠቡ፣ አለቅልቁ። በሁለት ወር አንዴ ይበቃዋል። ውሃችሁ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ በወር አንዴ አድርጉት። እንዲህ ያለ ውሃ ሳሙናውን ስለሚያስቸግረው አረፋ ስትመቱም ሳሙና ጨምሩ።

ሥሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብና የእርጥብ ምድር ቤት ሽታ ካያችሁ ሻጋታ ነው። ቀለል ያለ ከሆነ የኮምጣጤው እጥበት ሊያድነው ይችላል። ወደ ውስጥ ከገባ ጣሉት። የተላጨ ፊት ላይ ሻጋታ አይታሽም።

የእንጨት እጀታ ቀለሙ መላጥ ከጀመረ ሳይሰነጠቅ በፊት በደንብ አድርቃችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ቀቡት፣ በየመሃሉ ቀን እየሰጣችሁ። የእኔ ሁለተኛ ብሩሽ እጀታ እንዲህ ነው የተረፈው።

መሃሉ መጉደል፣ ፀጉሩ ከሥሩ መሰበር፣ እስሩ መወዛወዝ ሲጀምር ጊዜው አልፏል። በአግባቡ የተያዘ የአሳማ ብሩሽ ግን ለዓመታት ያገለግላል። የእኔ የመጀመሪያው በዚህ መንገድ የተገራው አራተኛ ዓመቱን ይዟል፣ አሁንም መስኮቱ ላይ ከሽቦው ተሰቅሎ ነፋስ ይወስዳል። አዲሱ ደግሞ ኩባያው ውስጥ ነው። አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው፣ ገና ይወጋል።